እስስት ቀለሟን የምትቀይረው ለመደበቅ ነው?



አቋሙን የሚለዋውጥን ሰው «እስስት» ማለት ለምደናል። እንስሳዋ የቆመችበትን ነገር ሁሉ ትመስላለች ብለን ስለምናምን ነው። በስልካችን በሚዞሩ ቪዲዮዎችም እስስቷ ከቀዩ መነጽር ወደ ሰማያዊው ስትሻገር ወዲያው ሰማያዊ ትሆናለች፤ ከሥሩም «ሱብሓነላህ፣ ለሌሎች ያጋሩ» የሚል ይጻፋል። ያ ቪዲዮ ግን በኮምፒውተር የተቀናበረ የመነጽር ማስታወቂያ ነው።

እውነታውን እንይ። የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2015 (እ.ኤ.አ.) በማዳጋስካር የሚኖረውን ፓንተር የተባለ የእስስት ዝርያ አጥንተው ነበር። በቆዳው ሴሎች ውስጥ ጓኒን ከሚባል ንጥረ ነገር የተሠሩ እጅግ ጥቃቅን ክሪስታሎች ተደርድረዋል። ወንዱ እስስት ሲረጋጋ ክሪስታሎቹ ተጠጋግተው ሰማያዊ ብርሃን ያንጸባርቃሉ፤ ይህ በቆዳው ካለው ቢጫ ቀለም ጋር ሲደመር አረንጓዴ ይሆናል። ቅጠል መሃል በቀላሉ አይለይም። ተቀናቃኝ ወንድ ሲመጣ ግን ክሪስታሎቹ ይራራቃሉ፤ በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳው ወደ ቢጫና ብርቱካንማ ይዞራል። ልብ በሉ፣ ያኔ እየታየ እንጂ እየተደበቀ አይደለም!

እኔ በሙያዬ ኢንጂነር ነኝ፤ አንዲት ጠብታ ቀለም ሳይጨመር በርቀት ለውጥ ብቻ ይህ መሆኑ ከቪዲዮው ይልቅ ያስደንቀኛል።

ታዲያ እስስትን ከአዳኝ የሚጠብቃት ምንድን ነው? በአብዛኛው ያው የእረፍት ጊዜ ቀለሟ፣ ከጎን የተጨፈለቀው ቅጠል መሰል ገላዋ፣ እንዲሁም ነፋስ እንደሚያወዛውዘው ቅጠል እየተወዛወዘች መራመዷ ነው። ለመደበቅ ብለው ቀለም የሚቀይሩም አሉ። በደቡብ አፍሪካ የምትገኝ አንዲት ድንክ እስስት ወፍ ስታይ ከእባብ ይልቅ አጥብቃ ቅርንጫፉን ትመስላለች። የወፍ ዓይን ቀለምን በመለየት ከእባብ ይበልጣልና።

ይህን የማነሳው የባዮሎጂ ትምህርት የሚማር የክፍል ጓደኛችሁ ያንን ቪዲዮ በእናንተ ገጽ ላይ ቢያየው የሚታዘበው እናንተን ብቻ ስለማይሆን ነው፤ ከሥሩ የአላህ ስም ተጽፏልና። ሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አንቀጽ ወሬ ሲመጣ አጣሩ ይለናል፤ ለቪዲዮም ይሠራል። ሱረቱ ፋጢር 27 እና 28 ደግሞ የፍሬዎችን፣ የተራሮችን፣ የሰዎችንና የእንስሳትን የቀለም ልዩነት አውስቶ ወዲያው ስለ ዐዋቂዎች ይናገራል። ሁለቱንም ከነተፍሲራቸው አንብቧቸው።

ወላሁ አዕለም።