ማሳሰቢያ፦ በላፕቶፕ ጌም ለምትጫወቱ ሁሉ

የጌም ላፕቶፕ ባትሪ የቱንም ያህል ቢተልቅ ከ100 ዋት ሰዓት አያልፍም ማለት ይቻላል። አየር መንገዶች ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያሳፍሩት እስከዚያ ድረስ በመሆኑ አምራቾቹም 99 አካባቢ ይቆማሉ። ብዙዎቻችን እጅ ያለው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። ስሌቱን እንየው፦ 60 ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በ10 ዋት ጽሑፍ ቢሠራበት 6 ሰዓት ያገለግላል፤ 60 ዋት የሚበላ ጌም ቢከፈትበት ግን በ1 ሰዓት ባዶ ይሆናል። መብራት በጠፋበት ምሽት ይህ ልዩነት መላውን ቤተሰብ ይነካል። ስለዚህ እባካችሁ፦

ይህን አድርጉ

1. ከባድ ጌም መብራት ባለበት ሰዓት፣ ቻርጀር ሰክታችሁ ተጫወቱ። በባትሪ ሲሆን ላፕቶፑ ራሱ የግራፊክስ ካርዱን ኃይል ስለሚቀንስ ጌሙ ይንቀራፈፋል፤ ቻርጁም ያልቃል፣ ጨዋታውም አያረካም።

2. ከላፕቶፑ ጋር የመጣውን ቻርጀር ተጠቀሙ። ዋቱ ያነሰ ቻርጀር ከሆነ፣ እንደተሰካም ቢሆን ጌም ላይ ባትሪው ሊወርድ ይችላል።

3. በባትሪ መጫወት ግድ ከሆነ ፍሬሙን በሰከንድ 30 ላይ ገድቡ፤ የስክሪኑንም ብርሃን ቀንሱ። በሰከንድ 60 ምስል ይሠራ የነበረው ካርድ ሥራው በግማሽ ይቀልለታል።

4. ላፕቶፑ ሶኬት ላይ የሚውል ከሆነ፣ ቻርጁን 80 በመቶ ላይ የሚያቆም አማራጭ ካለው አብሩት። ሊቲየም ባትሪን ሙቀትና ሁልጊዜ ሞልቶ መዋል ያስረጁታል።

5. ያገለገለ ላፕቶፕ ከመግዛታችሁ በፊት የዊንዶውስን የባትሪ ሪፖርት አውጡ። ባትሪው አዲስ ሳለ የነበረውን አቅምና ዛሬ የሚይዘውን ለይቶ ያሳያል። 60 የነበረው 35 ላይ ከወረደ፣ የባትሪ መቀየሪያውን ከዋጋው አስቀንሱ።

ይህን አታድርጉ

1. አልጋ ወይም ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጣችሁ አትጫወቱ። የብዙ ላፕቶፖች አየር መሳቢያ ከሥር ነው፤ ሲታፈን ሙቀቱ ባትሪው ላይ ያርፋል።

2. መብራት ሲጠፋ የቀረውን ቻርጅ በጌም አትጨርሱ። በዚያ ቻርጅ እህት የመመረቂያ ጽሑፏን ትጨርሳለች፤ የእናት ስልክም በዩኤስቢ ይሞላል።

3. በቤተ መጻሕፍትና በዶርም ለጌም ብላችሁ ሶኬት ይዛችሁ አትዋሉ። ወረፋ የሚጠብቅ ተማሪ አለ።

4. ታችፓዱ ወደ ላይ ከተነሳ ወይም የላፕቶፑ ሥር ከጎበጠ ባትሪው አብጧል ማለት ነው። ቻርጅ አታድርጉት፣ አትጫኑት፣ አትብሱት፤ ከቤት ቆሻሻ ጋርም አትጣሉት። እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል አጥፍታችሁ ለባለሙያ አሳዩ።

ወላጆችና ታላላቆች፦ ቁጣ ብቻውን ልጅን አያስተምርም። ስሌቱን አስረዷቸው፤ ከዚያም መብራት ሲጠፋ ስንት በመቶ ላይ ጌም እንደሚቆም አብራችሁ ወስኑ። የተወሰነውንም እናንተው ቀድማችሁ አክብሩ።