በድንጋይ ቤት ውስጥ ከነባሩ መስመር ተጨማሪ ሶኬት ማውጣት

መሐል ሜዳም ሆነ ሞላሌ ወይም ዓለም ከተማ፣ መብራት ሲገባ አንድ ሶኬት ብቻ የወጣለት ቤት ኋላ ቴሌቪዥንና ፍሪጅ ሲጨመርበት ማከፋፈያ በማከፋፈያ ላይ ይሰካበታል። ገመዱ በአልጋና በምንጣፍ ሥር ሲጎተት ይከርማል፣ ይግላል፣ ይላጣል። ከዚህ ሁሉ ተጨማሪ ሶኬት ማውጣት ይሻላል። ነገር ግን ሶኬቱ አዲስ ቢሆንም ኃይሉን የሚሸከመው ያው ነባሩ ሽቦ ስለሆነ፣ ግድግዳ ከመንካት በፊት ሒሳብ ይቀድማል።

ይህ መመሪያ ከቆጣሪ ወዲህ ላለው የቤት ውስጥ መስመር ብቻ ነው። ቆጣሪውና ወደ ምሰሶ የሚሄደው መስመር የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሥራ ነው፤ አይነካም። ሽቦ ነክቶ የማያውቅ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሦስት ደረጃዎች ራሱ አዘጋጅቶ ቀሪውን ፈቃድ ላለው ባለሙያ ይስጥ።

1. ጭነቱን ያስሉ
የቤታችን ኃይል 220 ቮልት ነው። ለሶኬት የሚዘረጋው 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ በ16 አምፔር ብሬከር ይጠበቃል። 220 በ16 ሲባዛ 3520 ዋት ይሆናል፤ በመስመሩ ላይ ያለው ዕቃ ሁሉ ተደምሮ ከዚህ ማለፍ የለበትም። ቴሌቪዥን፣ ቻርጀርና ፍሪጅ አያስቸግሩም። የእንጀራ ምጣድ ግን ብቻውን 3500 ዋት አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ስለሚወስድ ከብሬከር ሳጥኑ ወፍራም ሽቦና የራሱ ብሬከር ያስፈልገዋል። ለአምፖል ከተዘረጋው 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦም ሶኬት አይወጣም። ብሬከሩ ቶሎ ቶሎ ቢወርድ በትልቅ አይቀይሩት፤ ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ሲነድ የሚያስቆመው አይኖርም።

2. ዕቃውን ያሟሉ
ባለ ግራውንድ ሶኬት ከነሳጥኑ፣ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሦስት ሽቦ (ፌዝ፣ ኒውትራል፣ ግራውንድ)፣ የፕላስቲክ ቱቦ፣ ሞርሴቲ፣ ናስትሮ፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ቴስተርና መልቲሜትር።

3. ቦታና መንገድ ይምረጡ
ከምድጃ፣ ከውኃ ማስቀመጫና ዝናብ ከሚያፈስበት ግድግዳ ይራቁ። በመንዝና በግሼ የድንጋይ ግድግዳ ላይ ችግሩ ማሰሪያው ነው፤ በድንጋዮቹ መካከል ያለው ጭቃ ብሎን አይዝም። ድንጋዩን ራሱን በስተው ፊሸር ያስገቡ፤ ካልሆነ ደረቅ ጣውላ በሁለት ጠንካራ ድንጋዮች ላይ አጥብቀው ሳጥኑን በጣውላው ላይ ይሰሩ። ግድግዳውን ለመቦርቦር ድንጋይ አይንቀሉ፤ ቱቦው በግድግዳው ላይ ቀጥ ብሎ ቢሄድ ይበቃል። በጓሳ ሣር በተከደነ ቤት ሽቦ በሣሩ ውስጥ አይለፍ፤ አንዲት የእሳት ብልጭታ ክዳኑን ትጨርሳለች፣ አይጥም ሽፋኑን ይበላዋል።

4. ኃይሉን ያጥፉ
«መብራት ጠፍቷልና አሁን ልሥራ» ማለት ሰው ይገድላል፤ መብራቱ ሳይነግርዎ ይመጣል። ዋናውን ብሬከር ያውርዱ፤ ሌላ ሰው እንዳያነሣውም ማስታወሻ ይለጥፉበት፣ ለቤተሰቡም ይንገሩ። ከማውረድዎ በፊት ቴስተሩን ኃይል ባለው ሶኬት ላይ ሞክረው መሥራቱን ያረጋግጡ፤ በሚሠሩበት ሶኬት ፌዙ የትኛው ቀዳዳ እንደሆነም ለይተው ምልክት ያድርጉ። ካወረዱ በኋላ በሚሠሩበት ሶኬት ሁለቱም ቀዳዳ ላይ ይሞክሩት፤ በመልቲሜትርም ይድገሙት። የተበላሸ ቴስተር ሞቷል ያለው ሽቦ ኃይል ሊኖረው ይችላልና።

5. ነባሩን ሶኬት ይመርምሩ
ክዳኑን ፈተው ሽቦዎቹን ይዩ። የጠቆረ ጫፍ፣ የቀለጠ ፕላስቲክ፣ የአሉሚኒየም ሽቦ ወይም የግራውንድ ሽቦ አለመኖር ካዩ ያቁሙ። ግራውንድ በሌለበት ኒውትራሉን በግራውንድ ቦታ ማሰር የዕቃውን አካል በሙሉ ኃይል ሊያስይዘው ይችላል። ግራውንድ መትከል በባለሙያ ይሠራ፤ መንዝ ድንጋያማ ስለሆነ የግራውንዱ ዘንግ ጠለቅ ብሎ እርጥብ አፈር ማግኘቱ በመሣሪያ ተለክቶ መረጋገጥ አለበት።

6. ያገናኙ
አዲሶቹን ሽቦዎች በቱቦው አሳልፈው ጫፋቸውን አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይላጡ። ቀለም በየቤቱ ስለሚለያይ በቀለም ብቻ አይመኑ፤ ፌዙን ኃይሉን ከማጥፋትዎ በፊት በቴስተር ለይተው ባደረጉት ምልክት ይወቁ። ፌዝን ከፌዝ፣ ኒውትራልን ከኒውትራል፣ ቢጫና አረንጓዴውን ከግራውንድ በሞርሴቲ ያገናኙ። ጠምዝዞ በናስትሮ ብቻ መጠቅለል ጊዜያዊ ነው፤ ላልቶ ይግላል። እያንዳንዱን ሽቦ በእጅ ሳብ አድርገው ይፈትሹ፤ የመዳብ ጫፍ ከውጭ መታየት የለበትም።

7. ይፈትሹ
ክዳኖቹን ዘግተው ብሬከሩን ያንሡ። በመልቲሜትር በፌዝና በኒውትራል፣ እንዲሁም በፌዝና በግራውንድ መካከል 220 ቮልት አካባቢ፣ በኒውትራልና በግራውንድ መካከል ደግሞ ወደ ዜሮ የቀረበ መሆን አለበት። ካውያ ሰክተው ግማሽ ሰዓት ያህል ካሠሩት በኋላ የአዲሱንና የነባሩን ክዳን ከውጭ ዳስሰው ይዩ፤ ቢግል አጥፍተው ማገናኛውን ይመርምሩ። በመስመሩ ላይ ሰውን ኤሌክትሪክ ሲይዘው የሚያቋርጥ ባለ 30 ሚሊ አምፔር ብሬከር ከሌለ፣ ከሶኬቱ ዋጋ ጋር አብሮ ቢታሰብ የቤተሰብ ሕይወት ያድናል።

ሲጨርሱ የትኛው ብሬከር የትኛውን ሶኬት እንደሚያጠፋ በሳጥኑ ላይ በጉልህ ይጻፉ፤ በችግር ሰዓት ልጅም አዋቂም ሳይጠይቅ እንዲያወርደው።