ምዕራፍ 7፦ አብሽ፤ ጥቅሙና ጥንቃቄው

አብሽ ቅቤ ሲነጠር ከኮረሪማውና ከኮሰረቱ ጋር ይገባል፤ ተዘፍዝፎና ተመትቶ ደግሞ በማር ይጠጣል። ለስኳር፣ ለጨጓራ፣ ለአራስ ወተት ፍቱን ነው ሲባል ያልሰማ የለም። የሚረዳውን ከማይረዳው መለየት ግን የጤና ጉዳይ ነው።

ጥቅሙ ከምን ይመጣል?

አብሽ እንደ ሽምብራና አተር ከጥራጥሬ ወገን ነው። የፍሬው ሩብ ያህል ፋይበር፣ ሌላው ሩብ ያህል ፕሮቲን ነው። ዱቄቱ ውሃ ሲነካው የሚዝለገለገው በፋይበሩ ምክንያት ነው። ይኸው ዝልግልግ ነገር አንጀት ውስጥ ስኳር ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገያል፤ የሆድ ድርቀትንም ያለሰልሳል። ሆኖም ህንድ ውስጥ በስኳር ሕሙማን ላይ የተደረጉ ጥናቶች በቀን ከ25 እስከ 100 ግራም ሰጥተዋል። ወጥ ላይ የምትነሰነሰው ቁንጥር ያን ያህል አትሠራም። የአራስ ወተት ይጨምራል በሚባለውም ላይ የጥናቶቹ ውጤት የተለያየ ነው፤ ወተት የሚያበዛው ዋናው ነገር ሕፃኑን ቶሎ ቶሎ ማጥባት ነው።

አዘገጃጀት

1. አብሹን ለቅመው፣ በለዘብተኛ እሳት አመስ አድርገው ያስፈጩ።
2. አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት በብርጭቆ ውሃ ዘፍዝፈው ያሳድሩ።
3. ጠዋት ከላይ የጠለለውን ቢጫ ውሃ ይድፉ፤ ምሬቱ አብሮ ይወጣል። ካልለቀቀ ውሃውን ደግመው ይለውጡ።
4. ነጣ ብሎ እስኪኩረፈረፍ ይምቱት፤ በውሃ አቅጥነው፣ በማር አጣፍጠው ይጠጡ። ስኳር ካለብዎ ማሩን ይተዉት።

ሆድ ሊነፋና ሊያስቀምጥ ስለሚችል በትንሹ ይጀምሩ።

ማን ይጠንቀቅ?

ኢንሱሊን ወይም የስኳር ክኒን የሚወስድ ሰው አብሽ ሲጨምርበት ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል። ላብ ላብ ካለዎ፣ ከተንቀጠቀጡ ወይም ካዞርዎ ስኳርዎን ወዲያው ይለኩ። ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪን የሚወስዱም ሐኪም ሳያማክሩ አይጀምሩ። ነፍሰ ጡር ሴት ወጥ ውስጥ ያለው አያስፈራትም፤ በብዛት መጠጣቱ ግን ይቅርባት። ሽምብራ ወይም ኦቾሎኒ ሰውነቱን የሚያስቆጣው ሰውም ከአብሽ ይራቅ።

አብሽ የላብና የሽንት ሽታን ይለውጣል፤ የሚጠባው ሕፃን ላይም ሊታይ ይችላል። ልጅዎን ሐኪም ዘንድ ሲወስዱ አብሽ እንደሚጠጡ ይናገሩ፤ ያ ጣፋጭ ሽታ ከአንድ ከባድ በሽታ ምልክት ጋር ይመሳሰላልና። ክኒንዎንና አብሹን ቢያንስ በሁለት ሰዓት ልዩነት ይውሰዱ። አብሽ ተስማማኝ ብለውም የታዘዘልዎትን መድኃኒት በራስዎ አይቀንሱ፤ የሚቀነስ ከሆነ የስኳር ልኬትዎን አይቶ የሚወስነው ሐኪምዎ ነው።