አጥንቱ ከየትኛው ንብርብር ወጣ?

ደብረ ታቦር ሆኖ ጉናን የሚያይ ሰው የሚያየው የከሰመ እሳተ ገሞራ ነው። ተራራው የተገነባው ከ10 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ከሥሩ የተነጠፈው ጥቁር ድንጋይ ግን ከዚያ እጅግ ይቀድማል፤ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የሰሜኑን ደጋ ያለበሰው የባዛልት ጎርፍ ነው። በሁለቱ መካከል ባለው ረጅም ዘመን አገሩ ምን ይመስል ነበር?

ከፊሉ መልስ አዲስ አበባ፣ ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። ከጎንደር በስተምዕራብ፣ ጭልጋ ላይ የተገኙ 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ ቅሪተ አካላት እዚያ ተቀምጠዋል። የጥንት ዝሆኖች፣ ከዛሬው ሽኮኮ እጅግ የሚገዝፉ የሽኮኮ ዘመዶች፣ እንዲሁም አፍንጫው ላይ ሁለት ትልልቅ ቀንዶች ያሉት አርሲኖይቴሪየም የተባለ እንስሳ ከመካከላቸው ናቸው።

ዕድሜያቸው የታወቀው በአጥንቱ ሳይሆን አብሯቸው በተነጠፈው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። የምድር ንብርብር መሶብ ውስጥ እንደተደራረበ እንጀራ ነው፤ ቀድሞ የወጣው ከሥር ይሆናል። ይህ ግን ቅደም ተከተሉን እንጂ ዓመቱን አይነግረንም። ዓመቱን የሚነግረን በአመዱ ማዕድናት ውስጥ ያለው ፖታሲየም ነው። ከፖታሲየሙ ጥቂቱ እጅግ በዝግታ ወደ አርገን ጋዝ ይለወጣል። ድንጋዩ ቀልጦ ሳለ ጋዙ ያመልጣል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ግን በማዕድኑ ውስጥ ታስሮ ይጠራቀማል። የተጠራቀመው አርገን ከቀረው ፖታሲየም ጋር ሲነጻጸር ዕድሜው ይሰላል። የድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመትም የተሰላው በአካባቢዋ ካለው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው።

በ2003 እ.ኤ.አ. ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣው የጭልጋ ጥናት ከእንስሳቱ አልፎ ስለ አህጉራትም ያስረዳል። የተገኙት እንስሳት ዘራቸው ከአፍሪካ ነው፤ ከእስያና ከአውሮፓ የመጡ አዳዲስ እንግዶች አልታዩባቸውም። ምክንያቱም ያኔ አፍሪካና ዓረቢያ አንድ ላይ ሆነው ከእስያ በባሕር ተለይተው ነበር። እንስሳት የሚሻገሩበት የየብስ መንገድ የተከፈተው ከዚያ ወዲህ ነው። ከጭልጋ አፈር የወጣ ጥርስ የአህጉራትን ጉዞ ዘመን ለመገመት የሚረዳው በዚህ መንገድ ነው።

ይህን ሁሉ የሚሸከመው ከቅሪተ አካሉ ጋር የተቀመጠው መዝገብ ነው፦ የት ተገኘ፣ ከየትኛው ንብርብር፣ ከየትኛው አመድ በላይ ወይም በታች። መዝገቡ ከጠፋ አጥንቱ የእንስሳውን ዓይነት ሊነግረን ይችል ይሆናል፤ ዘመኑን ግን አይነግረንም። ስለዚህ በደቡብ ጎንደር መንገድ ሲቆረጥ ወይም ጉድጓድ ሲቆፈር ድንጋይ የሆነ አጥንት ወይም የቅጠል አሻራ ያገኘ ሰው ከቦታው አያንሳው። ቦታውን ምልክት አድርጎ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያሳውቅ። ለሳይንሱ አጥንቱ የወጣበት ቦታ ከአጥንቱ እኩል ዋጋ አለው።