አራቱ ትንንሽ ዕጢዎች፣ ኩላሊትና ልብ

ዕጢዎቹ ምን ይሠራሉ?

አንገት ውስጥ፣ ከታይሮይድ ዕጢ ጀርባ፣ የምስር ፍሬ የሚያህሉ አብዛኛውን ጊዜ አራት ዕጢዎች ተለጥፈው ይገኛሉ፤ ፓራታይሮይድ ይባላሉ። በደም ውስጥ ያለው ካልሲየም ሲያንስ ሆርሞን (በደም ተጉዞ ሌላ አካልን የሚያዝዝ ንጥረ ነገር) ያመነጫሉ። ሆርሞኑ ካልሲየምን ከአጥንት ያወጣል፤ ኩላሊትም በሽንት እንዳያባክነው ያደርጋል።

ከአራቱ አንዱ ሲያብጥ ግን ካልሲየም ቢበዛም ማመንጨቱን አያቆምም። የአያት ኮንዶሚኒየምን ደረጃ መውጣት ያቃታት፣ የወር አበባዋ የቆመ ሴት ድካሙን ለዕድሜዋ ትሰጠው ይሆናል። በሽታው በብዛት የሚታየውም በዚያው ዕድሜ ባሉ ሴቶች ነው፤ ፍንጩን የሚሰጠው ቀላል የደም ምርመራ ነው።

ኩላሊት ምን ይጎዳዋል?

በደም ውስጥ የበዛው ካልሲየም ወደ ሽንት ያልፋል፤ እዚያም እየረጋ ጠጠር ይሆናል። ኩላሊት ውሃ የመቆጠብ አቅሙም ስለሚዳከም ሽንት ይበዛል፣ ጥም ይጸናል።

ያበጠው ዕጢ በቀዶ ሕክምና ሲወጣ በደም ውስጥ ያለው ሆርሞን ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ባለው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። አዲስ ጠጠር የመፈጠር ዕድሉም ይቀንሳል፤ ቀድሞ የረጋው ግን አይሟሟም። የኩላሊት መዳከም በብዙ ሕሙማን ይገታል፤ የጠፋው አቅም ግን እምብዛም አይመለስም። ለዚህም ነው ጠጠር ደጋግሞ የሚይዘው ሰው ካልሲየሙ ሳይለካ ዓመታት ማለፋቸው የሚያስቆጨው።

ልብ ደግሞ ምን ያገኛል?

የበዛ ካልሲየም የልብን የኤሌክትሪክ ዑደት ያሳጥራል፤ በሽታው ከደም ግፊትና ከልብ ጡንቻ መወፈር ጋርም ይያያዛል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ግፊቱ የሚሻለው አለ፤ ብዙዎች ግን መድኃኒታቸውን ይቀጥላሉ። ለልብ ተብሎ ብቻ ቀዶ ሕክምና አይመከርም።

የኩላሊት እጥበት ላይ ባለ ሰው ነገሩ ይገለበጣል። የታመመው ኩላሊት ፎስፈረስ ማስወጣት ስለሚያቅተው ዕጢዎቹን ያስቆጣል፤ አራቱም ያብጣሉ፤ የደም ሥሮችም በካልሲየም ይጠጥራሉ። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ከእጥበት ቢገላግልም፣ ያበጡት ዕጢዎች አንዳንዴ አይረጋጉም፤ ያኔ አዲሱን ኩላሊት ከካልሲየም ብዛት ለመጠበቅ እነሱን ማውጣት ሊያስፈልግ ይችላል።

እንቅርት ሲወጣስ?

በደጋ አገር ዝናብ አዮዲንን ከተዳፋት አፈር አጥቦ ስለሚወስድ እንቅርት (የታይሮይድ ዕጢ እብጠት) የቆየ ችግር ነው። እንቅርት ሲወጣ ፓራታይሮይዶቹ አብረው ሊቆረጡ ወይም ደም ሊቋረጥባቸው ይችላል። ያኔ ካልሲየም ይወርዳል፤ ጣትና ከንፈር ይደነዝዛሉ፣ ጡንቻ ይኮማተራል፣ የልብ የኤሌክትሪክ ዑደት ይረዝማል።

ሕክምናው የካልሲየምና የቫይታሚን ዲ እንክብል ነው። መጠኑን በደም ምርመራ ካልተከታተሉት ትርፉ በሽንት ይወርድና ያው ጠጠር ይፈጠራል።