0.40 የተባለው ቆርቆሮ ስንት ኪሎ ይመዝናል?

ዛሬ የዋጋ ዝርዝር የለም። ባለፈው የኢጋ ቆርቆሮ ዋጋ ስለጥፍ «አንዱ ሱቅ 0.40 ብሎ የሚሸጠውን ከጎኑ ያለው ሱቅ እሱኑ 0.40 በሜትር 50 ብር አሳንሶ ይሰጣል፤ የትኛው ነው የሚያጭበረብረው?» ብላችሁ በውስጥ መስመር የጻፋችሁልኝ ብዙ ናችሁ። ምናልባት ሁለቱም አያጭበረብሩም። ነገሩ እንዲገባን ከሜትር ዋጋው ወጥተን ወደ ኮይሉ መሄድ አለብን።

ኮይል በቶን ይገዛል። ቆርቆሮ በሜትር ይሸጣል። የዚህ ንግድ ትርፍም ኪሳራም ያለው በነዚህ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች መካከል ነው። አስመጪው ለፋብሪካው የሚከፍለው በክብደት ስለሆነ ብረቱ ስስ በሆነ ቁጥር ከአንድ ቶን ብዙ ሜትር ያወጣል። እናንተ የምትከፍሉት ደግሞ በርዝመት ስለሆነ ብረቱ ስስ በሆነ ቁጥር በከፈላችሁት ብር የምታገኙት ኪሎ ይቀንሳል። ጥቅማችሁ ተቃራኒ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው፣ ስልካችሁን አውጡና አብረን እንሥራው። ብረት በአንድ ሜትር ካሬ፣ ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ውፍረት 7.85 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ ስፋቱ 1 ሜትር፣ ውፍረቱ 0.40 ሚሊ የሆነ ብረት በአንድ ሜትር ርዝመት 3.14 ኪሎ ነው። ከአንድ ቶን ወደ 318 ሜትር ይወጣል። ያው ኮይል 0.35 ቢሆን ሜትሩ 2.75 ኪሎ ይሆንና ከቶኑ 364 ሜትር ይወጣል። ልዩነቱ 46 ሜትር ነው። በዓይን ለይቶ የሚያውቀው ሰው እስካሁን አልገጠመኝም፤ እኔም አልለየውም።

ያልለየሁበትን ቀን ልንገራችሁ። ይሄን ቻናል ከመክፈቴ በፊት አሸንዳና የጣሪያ ክዳን የሚሠራ ትንሽ ወርክሾፕ ነበረኝ። አንድ የመጋዘን ጣሪያ በጨረታ አሸነፍኩ፣ 620 ሜትር ባለቀለም ቆርቆሮ። የሥራ ዝርዝሩ 0.40 ይላል። በሜትር ከሚሸጥልኝ አንድ አቅራቢ ጋር ተስማማሁ፣ ቀብድ ከፈልኩ፣ በልኩ አስቆረጥኩ። ሞኝ አይደለሁም ብዬ ማይክሮሜትር ይዤ ሄጄ ራሴ ለካሁት። 0.40። ደስ ብሎኝ ጫንኩት።

ሳይት ላይ የአማካሪው መሐንዲስ፣ ልጅ እግር ነው፣ አንዷን ቁራጭ አንስቶ ሚዛን ላይ አስቀመጣትና ዝም አለ።

«ጋሼ፣ ይሄ 0.40 አይደለም።»

«እንዴት አይደለም? ይኸው መለኪያው፣ ራስህ ለካው!»

«እሱማ 0.40 ይላል። ቀለሙን ይፋቁትና እንደገና ይለኩት።»

በብርጭቆ ወረቀት ከሁለቱም በኩል ፋቅኩት። 0.37 ሆነ። ከዛ በታች ደግሞ ዚንኩ አለ። ዚንኩ ሲቀነስ እርቃኑን የቀረው ብረት 0.36 ገደማ ነው። ውሉን አውጥቶ አሳየኝ፤ «ዚንክና ቀለም ሳይጨምር» የምትል ሐረግ አለች። አንብቤያት ነበር፣ ግን አልገባችኝም ነበር።

ወደ አቅራቢው ስሮጥ ደረሰኙን አውጥቶ «ወንድሜ፣ ይኸው ተጽፏል» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ከ0.40 አጠገብ «ቲ.ሲ.ቲ» ተብሎ ተጽፏል። ይሄ ፊደል ከነልባሱ ጠቅላላ ውፍረት ማለት ነው። መሐንዲሱ የፈለገው ደግሞ «ቢ.ኤም.ቲ»፣ የእርቃን ብረቱን ውፍረት ነው። በኔ ውል መሠረት ሜትሩ ወደ 3.28 ኪሎ መምጣት ነበረበት፤ የመጣው 2.94 ነው። በ620 ሜትር ላይ አስሉት፣ ከ200 ኪሎ በላይ ብረት ጎድሏል። የተቆረጠ ዕቃ ደግሞ አይመለስም። ቆርቆሮውን ለአጥር በርካሽ ሸጬ ሌላ ገዛሁ፣ ሥራውን አስረከብኩ፣ ወርክሾፑ ግን ከዛ በኋላ አላገገመም። አቅራቢው ዋሽቶኛል ማለት አልችልም። እኔ የጠየቅኩት «0.40 አለህ?» ብዬ ነው፣ እሱም አለኝ አለ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «0.40፣ ከምን ጋር?» ይሁን። ለባለቀለም ቆርቆሮ የተለመደው የፊት ቀለም ከነመሠረቱ 20 ማይክሮን ገደማ ነው፣ የጀርባው ከ5 እስከ 10። ሁለቱ ተደምረው 0.03 ሚሊ ይበላሉ። ትንሽ ይመስላል፤ 0.30 በሚባል ስስ ቆርቆሮ ላይ ግን ከአሥር አንዱ እጅ ቀለም ነው ማለት ነው። የቀለም ክብደት ደግሞ ከብረት አንጻር ኢምንት ነው፣ ጣሪያም አይሸከም።

ጌጅ ስለሚባለው ነገርም አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም መርካቶ ገብቶ በሚሊ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው፤ ሁሉም «ጂ 28፣ ጂ 30፣ ጂ 32» ነው የሚለው። ጌጅ መለኪያ ሳይሆን የቁጥር ስም ነው፣ ስሙ የሚገኝበት ሰንጠረዥ ደግሞ አንድ ብቻ አይደለም። በእንግሊዞቹ የሽቦ ሰንጠረዥ 32 ቁጥር 0.274 ሚሊ ነው። በርሚንግሃም በሚባለው ሰንጠረዥ ደግሞ ያው 32 ቁጥር 0.229 ነው። 35 ቁጥር ላይ ስትደርሱ አንዱ 0.213፣ ሌላው 0.127 ይላችኋል። ነጋዴው «ጂ 32 ነው» ሲላችሁ የትኛውን ሰንጠረዥ እንደያዘ ራሱም አያውቅም። በሚሊ ጠይቁ፣ ደረሰኙ ላይም በሚሊ አስጽፉ።

አሁን ወደ ልባሱ። ዋጋውን በእውነት የሚያንቀሳቅሰው ብዙ ሰው የማያየው ይሄ ነው። ቀዝቃዛ የተዳመጠው ብረት ታጥቦና ተሞቆ፣ 450 ዲግሪ አልፎ በቀለጠ የዚንክ ገንዳ ውስጥ ያልፋል። ከገንዳው ሲወጣ ከሁለት በኩል በኃይል የሚነፍስ አየር ትርፉን ዚንክ ጠርጎ ይመልሰዋል፤ «የአየር ቢላዋ» ይሉታል። ቢላዋው ጠንከር ካለ ልባሱ ይሳሳል። ፋብሪካው ዚንክ መቆጠብ ሲፈልግ የሚነካው እሱን ነው፣ ከላዩ ቀለም ሲቀባበት ደግሞ ማንም አያየውም።

የልባሱ መጠን በግራም ይጻፋል። ዜድ 275 ማለት በአንድ ሜትር ካሬ፣ ሁለቱም ፊት ተደምሮ፣ 275 ግራም ዚንክ ማለት ነው፤ በአንድ ፊት 19 ማይክሮን ገደማ ይሆናል። ዜድ 100 በአንድ ፊት 7 ማይክሮን፣ ዜድ 60 ደግሞ 4 ማይክሮን ብቻ ነው። ከባህር በራቀና ጭስ በሌለበት ቦታ ዚንክ በዓመት ከ0.1 እስከ 0.7 ማይክሮን ያህል ያልቃል፤ አየሩ በመኪናና በፋብሪካ ጭስ ሲበከል እስከ 2 ማይክሮን ይደርሳል። ራሳችሁ አካፍሉት። በተበከለ አየር ውስጥ ያልተቀባ ዜድ 60 ቆርቆሮ ሁለት ሦስት ክረምት ቆይቶ መቅላት ቢጀምር ምን ይገርማል?

ግን ለምን ዜድ 60 ያስመጣሉ? ምክንያቱም ዚንክ ውድ ነው፤ በቅርብ ዓመታት የለንደን ገበያ ላይ የአንድ ቶን ዚንክ ዋጋ ከአንድ ቶን ትኩስ ተዳማጭ ብረት አምስት እጥፍ አካባቢና ከዚያም በላይ ሆኖ ነው የቆየው። ይሄንንም እዩልኝ፦ 0.40 ውፍረት ላለው ኮይል፣ በዜድ 275፣ በአንድ ቶን ወደ 87 ኪሎ ዚንክ ይገባል። ውፍረቱ 0.20 ሲሆን ከቶኑ የሚወጣው ካሬ ሜትር እጥፍ ስለሚሆን ዚንኩም 175 ኪሎ ይሆናል። ለዚህ ነው ስስ ቆርቆሮ በቶን ሲታይ ከወፍራሙ የሚወደደው፣ ለዚህም ነው ዚንክ ላይ የሚቆጠበው ይበልጡኑ በስሱ ላይ የሚሆነው። ድሃው የሚገዛው ስሱን ነው፤ ዚንኩ የሚጎድለውም እዛው ላይ ነው።

ዚንክ ብቻም አይደለም። ጋልቫልዩም የሚባለው ልባስ 55 በመቶ አሉሚኒየም፣ 43.4 በመቶ ዚንክ፣ ቀሪው 1.6 በመቶ ሲሊኮን ነው። ቀላል ስለሆነ ኤዜድ 150፣ ማለትም 150 ግራም፣ በአንድ ፊት 20 ማይክሮን ይሰጣል፤ ከ275 ግራም ዚንክ ጋር እኩል ውፍረት ማለት ነው። ስለዚህ «150 ከ275 ያንሳል» ብላችሁ እንዳትሸወዱ። ለጣሪያ ጥሩ ነው። ለዶሮ ቤትና ለከብት በረት ግን አትግዙት፣ ከፍግ የሚወጣው አሞኒያ ይበላዋል። እርጥብ ሲሚንቶ ሲነካውም አይወድም።

የዓለም ዋጋ ወርዷል ሲባል እዚህ ለምን አይወርድም ለምትሉኝ፣ ኮይሉ ከታዘዘበት ቀን እስከ ጂቡቲ፣ ከዛም እስከ ሞጆ ወራት ይፈጃል። ነጋዴው ዛሬ የሚሸጠው በቀድሞ ዋጋ የገባውን ነው፣ ዋጋ የሚተምነው ደግሞ ነገ በሚያስመጣበት ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2021 ላይ ቻይና ለቀዝቃዛ ተዳማጭና ለዚንክ ልብስ ብረት ላኪዎች ትመልስ የነበረውን 13 በመቶ ቀረጥ ስታስቀር ያ ልዩነት ወደ ገዢም ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ቻይና ከ110 ሚሊዮን ቶን በላይ ብረት ወደ ውጭ ልካ የዓለም ዋጋ ሲቀንስ፣ እኛ ጋ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቀ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። በዶላር የወረደው በብር ወጣ።

በእንዲህ ያለ ጊዜ እኔ ከዋጋው ይልቅ ውፍረቱን ነው የምጠብቀው። ሻጭ የሜትሩን ዋጋ እንደ ምንዛሪው ቢያወጣ ደንበኛ ይሸሸዋል፤ ስለዚህ የሜትሩ ዋጋ ትንሽ ይወጣል፣ ውፍረቱ ትንሽ ይወርዳል። የኔ ዝርዝር ላይ «ተረጋግቷል» የሚል ስታዩ ብረቱ ሳስቶ ሊሆን ይችላል። የሜትር ዋጋ ብቻ ስለጥፍ መቆየቴም ስህተት ነበር።

ማይክሮሜትር የሌላችሁ ሚዛን ይበቃችኋል። አንድ ሜትር ቁራጭ ጠይቁ። ቆርቆሮው የታጠፈ ስለሆነ ስፋቱን በቀጥታ አትለኩት፤ ከዳር እስከ ዳር ክር በሞገዱ ላይ አስተኝታችሁ፣ ክሩን ዘርግታችሁ ለኩ። ርዝመቱን በዚህ ስፋት አባዙ፣ ክብደቱን በኪሎ ለዛ አካፍሉ፣ የመጣውን ለ7.85 አካፍሉ። የኔዋን ቁራጭ ብትመዝኑ 2.94 ለ7.85፣ 0.37 ይመጣላችኋል። ዚንክ ከብረት ትንሽ ስለሚቀል ቀለምም ትንሽ ስለሚጨምር መቶ በመቶ ትክክል አይደለም፣ የሱቅ ክርክር ለመጨረስ ግን ይበቃል።

ሁለቱን ሱቆች ስታወዳድሩም የሜትሩን ዋጋ ለሜትሩ ኪሎ አካፍሉ። ለምሳሌ (የዛሬ ዋጋ አይደለም፣ ለሒሳቡ ነው) አንዱ 500 ብር ብሎ 3.28 ኪሎ ቢሰጣችሁ ኪሎው 152 ብር ነው። ሌላው 450 ብሎ 2.94 ቢሰጣችሁ ኪሎው 153 ብር ነው። 50 ብር ረክሷል ያላችሁኝ ሱቅ እንግዲህ ይሄ ነው።

ኮይል ሙሉውን በቶን የምትገዙ የወርክሾፕ ባለቤቶች ደግሞ ነገሩን ገልብጡት፦ ብረቱ ከተጻፈው ከወፈረ ሜትር ትከስራላችሁ። ስትረከቡም የጥቅሉን ጎንና ውስጡን እዩ። በመንገድ ላይ ውሃ በጥቅሉ መሃል ከገባ ነጭ ዱቄት የመሰለ ዝገት ያወጣል፣ እሱም ዚንኩ እያለቀ ነው ማለት ነው። መጠቅለያው ሳይቀደድ ፎቶ አንሱ፣ ከፈረማችሁ በኋላ ሰሚ የለም።

ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ዝርዝሩ ላይ ከሜትር ዋጋው ጎን የኪሎውን ዋጋ እጨምራለሁ። ለዚህ ግን የናንተ እርዳታ ያስፈልገኛል፤ ቁራጭ የመዘናችሁ ሰዎች የተባለውን ውፍረት፣ የወጣውን ኪሎና በክር የለካችሁትን ስፋት ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። የሱቅ ስም አትጻፉ፣ አጠፋዋለሁ። ማክሰኞ የፌሮ ዋጋ ይዤ እመለሳለሁ።