ኮረሪማን ከዘሩ ስለ ማብቀል

ተማሪዎች ሆይ፤ ክረምት ሲገባ በቢታ ገነት ጓሮ በዛፍ ጥላ ሥር ጎንበስ ብላችሁ ብትመለከቱ ከአፈሩ ብቅ ያለ ነጣ ያለ ሐምራዊ አበባ ታያላችሁ። ቅጠሉ እንደ ዝንጅብል ቅጠል ረዥም ነው፤ አበባው ግን የሚወጣው ከግንዱ ጫፍ ሳይሆን ከሥሩ አጠገብ ነው። ይህ ተክል ኮረሪማ ነው።

ኮረሪማ የዝንጅብል ወገን ሲሆን የትውልድ አገሩ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ነው። ዘሩ ለበርበሬ፥ ለንጥር ቅቤና ለቡና ማጣፈጫ ይሆናል። አንድ ጊዜ ከተተከለ ብዙ ዓመት ስለሚኖር እንደ ጤፍና እንደ በቆሎ በየዓመቱ አይዘራም። ግንዱ አርጅቶ ቢወድቅም ከመሬት በታች ያለው ሥሩ አዲስ ቡቃያ ይሰጣል።

ኮረሪማ በሁለት መንገድ ይባዛል። አንደኛው ሥሩን ቆርጦ መትከል ነው፤ ይህ ቶሎ ይደርሳል። ነገር ግን ብዙ ለመትከል ብዙ እናት ተክል መቆፈር ግድ ይሆናል፤ ከሥር የወጣውም ሁሉ እናቱን ስለሚመስል፥ እናቲቱ ደካማ ብትሆን ልጆቿም ደካሞች ይሆናሉ። ሁለተኛው ዘሩን መዝራት ነው። ከአንድ ፍሬ ብዙ ዘር ይገኛል፤ የበቀሉትም ችግኞች እርስ በርሳቸው ስለሚለያዩ ጠንካራውን መምረጥ ይቻላል።

በዚህ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። በገመድ ተሰክቶ የደረቀውን ፍሬ ከገበያ ገዝቶ ይዘራና ሳይበቅልለት ሲቀር «መሬቱ እምቢ አለኝ» ይላል። ጥፋቱ የመሬቱ አይደለም። ለወጥ የሚሆነው ፍሬ መድረቅ አለበት፤ ለዘር የሚሆነው ግን ትኩስ ሊሆን ይገባዋል። በፀሐይ ወይም በምድጃ ጢስ ላይ የቆየ ዘር የመብቀል ኃይሉ ይደክማል።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ፤

1ኛ፤ ጤናማና ብዙ ፍሬ ከያዘ ተክል፥ በሚገባ የቀላ ፍሬ ምረጡ።

2ኛ፤ ፍሬውን ሰንጥቃችሁ ዘሩን አውጡ፤ በዘሩ ላይ ያለውን ሥጋ ከአሸዋ ጋር አሽታችሁ በውኃ እጠቡ።

3ኛ፤ ሳይውል ሳያድር፥ ቅጠል የበሰበሰበት ለስላሳ አፈር ባለው መደብ ላይ በመሥመር ዝሩ፤ አፈሩም በላዩ ስስ ይሁን።

4ኛ፤ ከመደቡ በላይ የጥላ ዳስ ሥሩ፤ መሬቱ እርጥብ እንጂ ረግረግ እንዳይሆን ተጠንቀቁ።

5ኛ፤ ዘሩ ቶሎ አይበቅልም። ሳምንታት አልፈው ምንም ባይታይ መደቡን ቆፍራችሁ አትመልከቱ፤ አረሙን ብቻ በእጅ ንቀሉ።

6ኛ፤ ችግኙ ሲጠነክር፥ በክረምት መግቢያ፥ በዛፍ ጥላ ሥር ሁለት ሜትር ያህል አራርቃችሁ ትከሉ።

ከዘር የበቀለ ኮረሪማ አበባ እስኪያወጣ ድረስ ጥቂት ዓመታት ያስጠብቃል። ስለዚህ ዛሬ አንደኛ ክፍል ያለ ልጅ የዘራው ከፍ ካለ ክፍል ሲደርስ ያብብለታል፤ ከዚያም በኋላ ለታናናሾቹ ይተርፋል።

ኮረሪማ ያለ ጥላ አይደላውም፤ ጥላውም የሚገኘው ከዛፍ ነው። የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ ገብቷል። ደኑን የሚጠብቀው ግን መዝገቡ ብቻ አይደለም። ከዛፉ ሥር ኮረሪማ ያለው ገበሬ ዛፉን ለመቁረጥ አይቸኩልም፤ ዛፉ ከወደቀ ኮረሪማውም አብሮ እንደሚጠፋ ያውቃልና።

ጥያቄ፤ የገበያ ኮረሪማ ተዘርቶ የማይበቅለው ስለ ምንድን ነው? ከሥርና ከዘር በማባዛት መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? በጓሮአችሁ ለኮረሪማ ጥላ የሚሆነው የትኛው ዛፍ ነው?